ዓይንን በዓይን ማየት

በአገራችን ሽማግሌዎች ልጅ ላልወለደ ሰው የሚሰጡት አንድ ምርቃት አለ፤ «ዓይንህን በዓይንህ ለማየት ያብቃህ» ይላሉ። ልጅ ሳለሁ ይህ አነጋገር ግራ ያጋባኝ ነበር። ሰው የገዛ ዓይኑን በገዛ ዓይኑ፣ ያለ መስታወት፣ እንዴት አድርጎ ያያል? ዓይን የተባለው ልጅ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ወልደህ ለመሳም ያብቃህ ማለት ነው።

ሰሞኑን እናቴ ከጋይንት በደወለች ቁጥር ስልኩን የምትዘጋው በዚህ ምርቃት ሆኗል። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ፀንሳ ስምንተኛ ወሯን ይዛለችና። እኔ ግን ምርቃቱን በሰማሁ ቁጥር ሐሳቤ የሚሄደው ወደሚወለደው ዓይን ብቻ አይደለም፤ ወደ ወላጂቱም ዓይን ነው። ምክንያቱን እነሆ እጽፋለሁ፤ አንባቢ ጥቂት ይታገሠኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከመሥሪያ ቤቴ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ባለቤቴ ክትትል ወደምታደርግበት ሆስፒታል አብሬያት ሄጄ ነበር። አልትራሳውንድ ክፍል ገባን። ዶክተሯ ጄል ቀብታ መዳሰሻውን ሆዷ ላይ አሳረፈችው። ስክሪኑ ላይ ግራጫ ጥላ ተንቀሳቀሰ፤ እጅ ይሁን እግር ለእኔ አልታየኝም። ቀጥሎ ዶክተሯ አንድ ቁልፍ ስትነካ ክፍሉ በድምፅ ተሞላ። ዱቄት በወንፊት ሲነፋ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ነበር፤ ሹው… ሹው… ሹው… ከድምፁም ጋር እኩል በስክሪኑ ላይ ጉብታ ከጉብታ ተከትሎ ይሰለፋል።

«የምትሰሙት በእትብቱ የሚሄደውን ደም ነው፤ ደህና ነው» አለች ዶክተሯ።

ባለቤቴ ፈገግ አለች። እኔም ፈገግ ማለት ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ለዓመታት በውስጤ ይዤው የኖርኩት ጥያቄ ድንገት አመለጠኝ።

«ዶክተር፣ የእናትየዋን ዓይን አታዩም?»

«ምን ሆነ? ዓይኗን ያማታል?»

«አይ፣ እሷ ደህና ናት። እኔ ነኝ የፈራሁት» አልኩ። ከዚያም ለባለቤቴ እንኳ ሙሉውን ነግሬያት የማላውቀውን ታሪክ፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆሜ ተናገርኩ።

የተወለድኩት ከቤተ ልሔም ብዙ በማይርቅ የጋይንት መንደር ነው። ቤተ ልሔምን የማያውቅ የአብነት ተማሪ የለም፤ የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓን በየትም አገር የቀጸለ ሰው፣ መምህር ተብሎ ወንበር ለመዘርጋት በመጨረሻ ቤተ ልሔም ሄዶ፣ በመምህሩ ፊት ዜማውን አሰምቶ መመስከር አለበት። አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ከሩቅ አገር ደበሎ ለብሶ የመጣ የቆሎ ተማሪ ነበር። ቁራሽ እየለመነ ተማረ፤ አስመሰከረ፤ እዚያው አካባቢ አግብቶ ቀረ። እኔ ሳውቀው መሪጌታ ነው፤ ዓይኑ ደክሟል፤ ጆሮው ግን ስለት ነበረው። ተማሪዎቹ በዙሪያው ተቀምጠው ሲያዜሙ እሱ ጋቢውን ተከናንቦ፣ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። የተኛ ይመስላል። ከብዙ ድምፅ መካከል አንዱ ሲሳሳት ግን ከጋቢው ሥር «ተመለስ!» ይላል። ማን እንደተሳሳተም ያውቃል።

እናቴ አንዲት ታናሽ እህት ነበረቻት። እኔ «እታለም» እላት ነበር። በ1990 ዓ.ም. ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆናት የበኩር ልጇን ፀንሳ፣ እንደ አገሩ ወግ ልትወልድ ወደ ወላጆቿ ቤት መጣች። እኔ ስምንት ዓመቴ ነው። ጠጉሬን እየዳበሰች ተረት ትነግረኝ ነበር። ግንቦት ሲገባ ፊቷ ሞላ፤ እጇ አበጠ፤ የቃል ኪዳን ቀለበቷ አልወልቅ አለ። ጎረቤት ሁሉ «ተመቻት፣ ወፈረች» አለ። ራሷን ሲያማት አያቴ እናትየው በሻሽ ጥብቅ አድርገው አሰሩላት። «እንዴት አደርሽ?» ለሚላት ሁሉ መልሷ አንድ ነበር፤ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

አንድ ምሽት ቡና እየቆላች ሳለ «ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል» አለች። የጭሱ ነው ተባለ። ጥቂት ቆየችና ምጣዱን ከፊቷ ገፍታ፣ እጇን በአየር ላይ እየዘረጋች፣

«መብራቱን ማን አጠፋው?» አለች።

ኩራዙ አልጠፋም ነበር። ከእኔና ከእሷ መካከል፣ ከመደቡ ጫፍ ላይ፣ ቁጭ ብሎ ይበራ ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን በዝርዝር አልጽፈውም። ወደቀች፤ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ፤ ጥርሷ ገጠመ። መጋኛ ነው ያለ አለ፤ ዓይነ ጥላ ነው ያለም አለ። ጠበል ተረጨች። ወንዶቹ ሌሊቱን ቃሬዛ ሲያበጁ አድረው፣ ጎሕ ሳይቀድ ተሸክመዋት ወደ ጤና ጣቢያው ወጡ። ከረፋዱ በፊት ተመለሱ። የሄዱበት መንገድ እኩሌታ እንኳ አልሞላም ነበር። ልጇም አብሯት ቀረ።

ከአርባዋ በኋላ አያቴ ለእናቴ ሲነግራት የሰማሁትን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ድምጿ ሳምንቱን ሙሉ ተለውጦብኝ ነበር። ሰምቼዋለሁ። ምን መሆኑን ግን አላወቅሁትም።»

ይህን ነው ለዶክተሯ የነገርኳት። መዳሰሻውን አስቀምጣ፣ ጓንቷን አውልቃ አዳመጠችኝ። ስጨርስ ስሙን ነገረችኝ፤ ፕሪኤክላምፕሲያ፤ ሰውነት ሲያንቀጠቅጥ ደግሞ ኤክላምፕሲያ። አብዛኛውን ጊዜ ከ20ኛው የእርግዝና ሳምንት በኋላ የሚመጣ፣ የደም ግፊት ከ140/90 በላይ የሚያወጣ፣ ኩላሊትን፣ ጉበትን፣ አንጎልን የሚያውክ ሕመም ነው። ሥሩ ያለው በእንግዴ ልጁ ዘንድ ነው ይባላል፤ ሊሰፉ የሚገባቸው የማሕፀን ደም ቅዳዎች በወጉ ሳይሰፉ ሲቀሩ የሚከተል ነው። ራስ ምታቱ፣ የፊትና የእጅ እብጠቱ፣ የብልጭታው መታየት፣ የዓይን መጨለሙ፣ ከጎድን በታች የሚሰማው ሕመም፣ ሁሉም ምልክቶቹ ናቸው። የአክስቴ ዓይን ያየው ጨለማ በዓይኗ ላይ የወረደ ጥላ አልነበረም፤ ከአንጎሏና ከደም ሥሮቿ የመጣ የጭንቅ ጥሪ ነበር።

«የሚገርምዎት ነገር» አለች ዶክተሯ፣ «እኛ እዚህ ዘወትር አናደርገውም እንጂ፣ በዚሁ መሣሪያ የነፍሰ ጡሯን የዓይን ደም ቅዳ የሚለኩ አሉ። የሚለኩትም የታመሙትን ብቻ አይደለም፤ ጤነኞቹንም ነው።»

ጤነኞቹን ለምን? ይህ ጥያቄ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ሕክምና አልተማርኩም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ማታ ማታ፣ ባለቤቴ ስትተኛ፣ ያገኘሁትን ሳነብ ቆይቻለሁ። የተረዳሁትን በራሴ ቋንቋ ላስቀምጠው።

ከአንገት ወደ አንጎል የሚወጣ ትልቅ ደም ቅዳ አለ። ራስ ቅል ውስጥ ከገባ በኋላ ከሚያወጣቸው ዋና ዋና ቅርንጫፎች የመጀመሪያው ወደ ዓይን የሚሄደው ነው። ስለዚህ የዓይን ደም ቅዳ የአንጎል ደም ሥሮች የቅርብ ዘመድ ነው፤ በአፈጣጠሩም በጠባዩም ይመስላቸዋል። የአንጎልን ደም ሥር በአጥንት ውስጥ አልፎ ማዳመጥ ያስቸግራል። ዓይን ግን በአጥንቱ ግድግዳ ላይ የተከፈተ መስኮት ነው። ነፍሰ ጡሯ በጀርባዋ ጋደም ትልና ዓይኗን ትጨፍናለች። በተጨፈነው ቆብ ላይ ጄል ይደረጋል፤ ትንሹ መዳሰሻ ሳይጫን ያርፋል። ዓይን ስስ በመሆኑ የድምፁ ኃይል ዝቅ ይደረጋል፤ ጊዜውም ያጥራል። እና ድምፁ ይሰማል፤ ሹው… ሹው…

ይህ ድምፅ ከየት መጣ? ነገሩ ወደ አንድ የኦስትሪያ ሰው ይወስደናል። ክርስቲያን ዶፕለር እ.ኤ.አ. በ1842 ፕራግ ከተማ ላይ፣ ስለ ከዋክብት ብርሃን ቀለም ሲናገር አንድ ሐሳብ አቀረበ። ወደ እኛ የሚመጣና ከእኛ የሚርቅ ነገር የሚሰደው ሞገድ፣ ቆሞ ከሚሰደው ይለያል አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ቦይስ ባሎት የተባለ የኔዘርላንድ ምሁር ይህን ሐሳብ በድምፅ ሊፈትነው ተነሣ። ለዚህም የተጠቀመው በሙዚቀኞች ነው። ከዩትሬክት በሚነሣ ባቡር ላይ ጥሩንባ ነፊዎችን ጫነ፤ በሐዲዱ ዳር ደግሞ ጆሮአቸው የሠለጠነ ሙዚቀኞችን አቆመ። ባቡሩ እየቀረበ ሲመጣ ጥሩንባው ቀጠነ፤ እየራቀ ሲሄድ ወፈረ። ሐሳቡ እውነት መሆኑን የመሰከረው የሰው ጆሮ ነው።

ይህን ባነበብኩ ሌሊት አያቴ ፊቴ ላይ መጣ። ጋቢውን ተከናንቦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በዚያ ሐዲድ ዳር ተቀምጦ ታየኝ። ድፋቱን ከቅናቱ፣ ይዘቱን ከሂደቱ፣ ጭረቱን ከርክርኩ የሚለይ ጆሮ፣ በዚያ ቀን ቢጠራ ከማን ያንስ ነበር?

የአልትራሳውንዱም ነገር ከዚያ የተለየ አይደለም። መሣሪያው የሰው ጆሮ የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ ይልካል። የሚሮጡት ቀይ የደም ሕዋሳት ድምፁን ይመልሱታል፤ ሲመልሱት ግን በሩጫቸው መጠን ይለውጡታል። በተላከውና በተመለሰው መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ፣ ደስ በሚል አጋጣሚ፣ እኛ ልንሰማው በምንችለው ድምፅ ክልል ውስጥ ይወድቃል። እኛ የሰማነው ሹው… ያ ልዩነት ነው።

በጤናማ ነፍሰ ጡር የዓይን ደም ቅዳ ላይ ስክሪኑ የሚያሳየው ሥዕል እንዲህ ነው። ልብ ሲመታ ሞገዱ ሽቅብ ይወጣና ከፍ ያለ ጉብታ ይሠራል። ትንሽ ይወርድና እንደገና ይነሣል፤ ሁለተኛ ጉብታ ይሠራል፤ ይህኛው ግን ከመጀመሪያው ያጠረ ነው። ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ቀጣዩ ምት እስኪመጣ። ሐኪሞቹ ሁለተኛውን በመጀመሪያው ያካፍሉታል። በጤነኞቹ ውጤቱ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ሕመሙ ሲገባ ግን ሁለተኛው ጉብታ ያድግና የመጀመሪያውን ሊስተካከል ይቃረባል፤ ውጤቱም ወደ አንድ ይጠጋል። ማካፈሉ ሌላም ጥቅም አለው። የደምን ፍጥነት በትክክል ለማወቅ መዳሰሻው ያረፈበት ማዕዘን መታወቅ አለበት፤ ሁለቱ ጉብታዎች ግን በአንድ ማዕዘን የተለኩ ስለሆኑ፣ ሲካፈሉ ማዕዘኑ ይጣፋል።

ሁለተኛው ጉብታ ምንድን ነው? ብዙዎች የሚያስረዱት በተመላሽ ሞገድ ነው፤ ልብ የላከው ምት ሩቅ ካሉት ደም ሥሮች ተጋጭቶ ሲመለስ የሚፈጥረው ነው ይላሉ። ይህን ለመረዳት የጋይንት ልጅ መጽሐፍ አያሻውም። ከብት ስንጠብቅ ገደል አፋፍ ላይ ቆመን እንጮህ ነበር፤ የገደል ማሚቶ ይመልስልናል። የሚመለሰው ድምፅ ሁልጊዜ ከጠራነው ያነሰ ነው። አንድ ቀን ማሚቶው የጥሪያችንን ያህል ጮሆ ቢመለስ ኖሮ፣ ገደሉ ወደ እኛ ተጠግቷል ብለን ከብቶቹን ትተን በሸሸን ነበር። ሕመሙ ሲገባ በዓይን ደም ቅዳ የሚሆነው ይህን ይመስላል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ጤነኞቹን ለምን ይለካሉ? ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ጀምሮ በጃፓን፣ በብራዚል፣ ኋላም በለንደን ይህን ደም ቅዳ ያጠኑ ሐኪሞች ከደከሙባቸው ሥራዎች አንዱ፣ ምንም ያልሆኑ ነፍሰ ጡሮችን እየለኩ መመዝገብ ነው። እርግዝና ራሱ ሰውነትን ይለውጣልና። የደሟ መጠን እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል። የደም ግፊቷ በመካከለኛዎቹ ወራት ዝቅ ይልና ወደ መውለጃዋ ሲቃረብ ይመለሳል። ስለዚህ የነፍሰ ጡር «ደህና» ካላረገዘች ሴት «ደህና» ጋር አንድ አይደለም። ደህናውን ያልመዘገበ ሰው ክፉውን በምን ይለየዋል?

ይህን ነገር እኔ በመስኮቴ አውቀዋለሁ። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲሱ የብር ኖት ይፋ በሆነ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ብር የሚባል ኖት በሕይወታችን የመጀመሪያ ነበር። ያን ሰሞን እኛ ገንዘብ ተቀባዮች የተጨነቅነው ሐሰተኛው ቢመጣብን በምን እንለየዋለን ብለን ነው። አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ግን «ሐሰተኛውን አትፈልገው፤ እውነተኛውን ቁጠር» አለኝ። ቆጠርኩ። በመቶዎች፣ ከዚያም በሺዎች። ጣቴ የወረቀቱን ጠባይ እስኪለምድ ድረስ። ከወራት በኋላ አንድ ቀን ከእሽግ መካከል ጣቴ በራሱ ቆመ፤ ዓይኔ ገና አላየም ነበር። አያቴም በጋቢው ሥር የሚሠራው ይህንኑ ነበር። «ተመለስ!» የሚለው ስሕተቱን ስላጠና አልነበረም፤ ቅኑን ዜማ ስለጠገበ ነው።

ለእታለም ግን እንዲህ ያለ ጆሮ አልነበራትም። አያቴ ድምጿ መለወጡን ሰማ፤ የሰማውን የሚያመሳክርበት መዝገብ ግን አልነበረውም።

እዚህ ላይ ራሴን ልገሥጽ ይገባል። በለንደንና በብራዚል የዓይን ደም ቅዳ ይለካል እያልኩ ስደነቅ፣ አክስቴን ያጣናት በዚያ መሣሪያ እጦት እንዳይመስል እፈራለሁ። እሷን ያጣናት ክንድ ላይ የሚታሰረው ተራ የግፊት መለኪያ አንድ ጊዜ እንኳ ክንዷ ላይ ባለመታሰሩ ነው። ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን መኖሩን የምታሳይ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ባለመኖሯ ነው። የዓይኑ ዶፕለር ዛሬም ቢሆን ብቻውን ፈራጅ አይደለም፤ ከደም ግፊቱ፣ ከእናቲቱ ታሪክ፣ ከሌሎች ምርመራዎች ጋር ተደምሮ ነው የሚያገለግለው። ቀድሞ ማወቁ የሚጠቅመውም ቀጥሎ የሚደረግ ነገር ስላለ ነው። ሥጋት ላለባት እናት ሐኪም ከ16ኛው ሳምንት በፊት አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ሊያዝላት ይችላል። ሕመሙ ከጠና ደግሞ ማግኒዥየም ሰልፌት አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ፣ በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ሴቶች የተካፈሉበት ጥናት፣ ይህ ርካሽ ጨው የመንቀጥቀጡን አደጋ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

በአገራችንም ነገሩ እንደ 1990 ዓ.ም. አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2000 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ለሚወለዱ 100,000 ሕፃናት 871 እናቶች ይሞቱ እንደነበር ገምቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው ቁጥሩን 412 አድርሶታል። በመካከሉ በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ፤ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ደጅ የእናቶች ማቆያ ቤት ተሠራ። ያ ጥናት የሚካሄደው ሴቶችን ስለ እህቶቻቸው በመጠየቅ ነው፤ እህቶችሽ ስንት ናቸው? በሕይወት አሉ? የሞተችው ነፍሰ ጡር ነበረች? እያሉ። እናቴን ማንም አልጠየቃትም። ብትጠየቅ ኖሮ የምትሰጠው መልስ ነበራት። እኔ ግን 871 የሚለውን ቁጥር ባየሁ ቁጥር፣ ካዝና ዘግቶ ቀሪ ሒሳብ እንደሚያመሳክር ሰው፣ አንዷን በስሟ እጠራታለሁ።

ይህ ሁሉ ንባብ ግን ቤቴ ውስጥ ያመጣውን ጣጣ ሳልናገር ብቀር ሐቀኛ አልሆንም። ባለቤቴን መጠየቅ አበዛሁ። ጠዋት ስትነቃ «ዓይንሽ እንዴት ነው?» እላለሁ። ምሳ ሰዓት ከባንኩ እደውልና «ራስሽንስ?» እላለሁ። ማታ ቀለበቷን ወለቅ መለስ እያደረገች እንድታሳየኝ እጠይቃለሁ። የግፊት መለኪያ ገዝቼ አልጋችን ራስጌ አስቀመጥኩ። እሷም ቻለችኝ፣ ቻለችኝና ባለፈው እሑድ ማታ ክንዷን ከመለኪያው ላይ አንሥታ፣ ሳትቆጣ፣

«አንተ እኮ የምታየው እኔን አይደለም፤ እታለምን ነው» አለችኝ።

ዝም አልኩ።

«እኔ ደህና ነኝ። ስትለካኝ ደህና ሆኜ አገኘኸኝ። ታዲያ የለካኸውን ለምን አታምነውም?»

ከዚያ ሌሊት ወዲህ የዶክተሯ ነገር ይበልጥ ገባኝ። ጤነኛዋን መለካት ክፉውን ቀን ለመለየት ብቻ አይደለም። ደህናውንም ቀን ደህና ብሎ ለመቀበል ነው። እኔ መዝገቡን ይዤ ሳለሁ፣ ሒሳቡ ገጥሞ ሳለ፣ ጉድለት አለ እያልኩ ካዝናውን መልሼ መላልሼ የምቆጥር ገንዘብ ያዥ ሆኜ ነበር። እታለም «ደህና ነኝ» ስትል ማንም አልለካትም። የእኔ ሚስት ተለክታ «ደህና ነኝ» ስትል ደግሞ እኔ አላመንኳትም።

አሁን ተስማምተናል። ግፊቷን የምንለካው ሐኪሟ በነገረችን ቀን ብቻ ነው፤ ቁጥሩን የምትጽፈው እሷ ናት። ምልክቶቹን ሁለታችንም እናውቃቸዋለን፤ አንዱ ከታየ በሌሊትም ቢሆን እንሄዳለን፤ የታክሲው ስልክ በር ላይ ተለጥፏል። የዓይኗን ነገር የምጠይቃት በቀን አንድ ጊዜ ነው። ትናንት ስጠይቃት «አንተ እንደ ወትሮው አልተላጨህም፤ እሱን አይቻለሁ» አለችኝ።

ለእናቴ ደግሞ ደውዬ አንድ ነገር ጠይቄያታለሁ። በመንደራችን ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ሁሉ፣ ቡና ሲጠጣ፣ ያን ምሽት እንድትናገር። ለሃያ ምናምን ዓመት በቤታችን አፍ አውጥቶ ያልተነገረውን። እጇ ማበጡን፣ ቀለበቷን፣ ሻሹን፣ ብልጭታውን፣ ኩራዙ እየበራ «መብራቱን ማን አጠፋው?» ማለቷን። እናቴ ብዙ ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «እነግራለሁ ልጄ» አለች። ዓይንህን በዓይንህ ያሳይህ ብላም እንደ ልማዷ ስልኩን ዘጋች።

አርብ ዕለት ሒሳብ ከዘጋን በኋላ፣ ከአንድ የተበላሸ የገንዘብ ማስገቢያ ቅጽ ጀርባ ላይ እነዚህን አራት ስንኞች ጻፍኩ። ለአያቴ ጆሮ ናቸው።

ወንዙን በበጋ ቀን ጠጋ ብለህ ስማ፣
ድምፁን አጥንተኸው አኑረው ከዜማ፤
ክረምት ሲመጣበት ዜማውም ሲለወጥ፣
ጎርፉ ሳይደርስብህ ትችላለህ ማምለጥ።

ለባለቤቴ አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝና፣ «ድገመው» አለች።